ያሸነፍከውን ሰው ልትሾመው ነው? እንግዲያው ይቺን አንብብ

እሺ፣ ምርጫው አልቋል፣ አሸንፈሃል፣ ሰዉም ሹመት ያዳብር እያለ ደጅህን ሞልቶታል፣ እና አንዱ ቀረብ ብሎ "ያንን ሰውዬ ለምን ካቢኔ ውስጥ አታስገባውም፣ ያ ሲያብጠለጥልህ የከረመውን" አለህ። ሀሳቡ ጥሩ ነው። ሰው ሚሳሳተው ነገሩን የይቅርታ ጉዳይ ስለሚያደርገው ነው፣ ልቤ ሰፊ ነው ብሎ አቅፎ ፎቶ ተነስቶ ያስገባዋል፣ ምን እንደሰጠው ምን እንደከለከለው ሳይነጋገሩ ሥራ ይጀመራል፣ ከዛ ወይ ተሿሚው ሿሚውን ይበላዋል ወይ ሿሚው በንዴት ያባርረዋል። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ፣ ቂምህን ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርሰው፣ እዚ ምናወራው ስለ ውሉ ነው።

ምጽፈው ከጎንደር ነው፣ እዚ ከተማ ተቀምጦ ደግሞ ስለ ሹመት አያገባኝም ማለት ነውር ነው። ፒያሳ ቡና እየጠጣህ ዞር ብትል የፋሲል ግንብ አጥር ነው፣ እዛ ግቢ ውስጥ ስንቱ ባላንጣ ተሹሟል፣ ስንቱ ተሽሯል፣ ስንቱስ የሾመውን ሰው ቀብሯል። ስለዚ ሀገር ምትመራ ፕሬዝዳንት ብትሆንም፣ የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዝዳንት ብትሆንም፣ የእድር ዳኛም ብትሆን (አንቺም እንደዛው) መላው ያው ነው፣ ልዩነቱ ስትሳሳት ሚሞተው ሰው ብዛት ላይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፈው፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግከው ራስህን ሳትዋሽ ጠይቅ። ደጋፊው ስለሚያስፈልግህ ነው? ሥራውን ከሱ የተሻለ ሚችል ስለሌለ ነው? ወይስ ዓይኔ ሥር ይሁን ብለህ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቂ ምክንያት ናቸው። ሦስተኛው ብቻውን ከሆነ ግን ይቅርብህ፣ አንተ ስታየው እሱም እኮ ያይሃል፣ ከበፊቱ በጣም ቀርቦ።

አብርሃም ሊንከንን ሁሉም ሰው ሚጠቅሰው በዚ ጉዳይ ነው። ሜይ 1860 ቺካጎ ላይ ለሪፐብሊካን እጩነት ሲወዳደሩ ሲዋርድ፣ ቼዝ፣ ቤትስና ካሜሮን ነበሩበት፣ ሲዋርድማ ያልፋል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረው ሰው ነው፣ ሊንከን በሦስተኛው ዙር አሸነፋቸው። ከዛ አራቱንም ካቢኔው ውስጥ ከተታቸው። ደግነት ነው ይላሉ፣ እኔ ሂሳብ ነው እላለሁ። ፓርቲው ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፣ ግማሹ ከድሮው ዊግ ፓርቲ ግማሹ ከዲሞክራት ፈልሶ የመጣ፣ ሲዋርድ ኒውዮርክን ይዟል፣ ካሜሮን ፔንሲልቫኒያን፣ ቼዝ ኦሃዮን፣ ቤትስ ሚዙሪን፣ በዛ ላይ ደቡቡ እየተገነጠለ ነው፣ እነዚን ሰዎች ውጪ አስቀምጦ ጦርነት መምራት አይቻልም ነበር። አየህ፣ ምክንያቱ ሲታወቅ ማንን የት እንደምታስቀምጥም ይታወቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ሰውየው ስሙን ይዞ ይምጣ፣ እውቀቱን ይዞ ይምጣ፣ ደጋፊውንም ይዞ ይምጣ፣ ጦሩን ግን ትቶ ይምጣ። ከዚ ጽሑፍ አንዲት ነገር ብቻ ምትወስድ ከሆነ ይቺን ውሰድ።

ይሄን ለመማር ጁባም ዋሽንግተንም መሄድ አያስፈልግም፣ ራስ ግንብ ድረስ በእግርህ ሂድ፣ ግንቡ ስሙን ያገኘው ከራስ ሚካኤል ስሑል ነው ይባላል። አፄ ኢዮአስ በልጅነቱ ነገሠና ቤተ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ፣ አንዱ ወገን የአያቱ የእቴጌ ምንትዋብ የቋራ ዘመዶች፣ ሌላው የእናቱ የውቢት የወሎ ዘመዶች። ሲጨንቃቸው የጠሩት ማንን ነው፣ የትግራዩን ገዢ ሚካኤልን፣ ቀድሞ በኢዮአስ አባት በዳግማዊ ኢያሱ ላይ ሸፍቶ ምህረት ያገኘውን ሰውዬ። መጣ፣ ግን የመጣው የራሱን ጦር ይዞ ነው። ከዛ በኋላ ንጉሡ ማዘዝ አልቻለም፣ መሻርም አልቻለም፣ ቢቸግረው በስውር ከሚካኤል ጠላት ከዳሞቱ ገዢ ከፋሲል ጋር ወገነ፣ ሚካኤል ይሄን ሲያውቅ በ1769 አስገደለው፣ ሽማግሌውን ዮሐንስን አነገሠ፣ እሱም ወዲያው ሞተና ልጁን ተክለ ሃይማኖትን አነገሠ። ባንድ ዓመት ሦስት ንጉሥ! ዘመነ መሳፍንትን ብዙ ሰው ከዚች ዓመት ነው ሚጀምረው። ሚካኤል ክፉ ስለነበር ነው ብትለኝ አልከራከርህም፣ ግን ብቻውን መጥቶ ቢሆን ክፋቱ የት ይደርስ ነበር?

ጁባም ላይ ያው ነው የሆነው። ሪክ ማቻር የደቡብ ሱዳን ምክትል ፕሬዝዳንት ነበር፣ ጁላይ 2013 ፕሬዝዳንቱ ሳልቫ ኪር አባረረው፣ በዲሴምበር ጦርነት ተነሳ፣ በስንት ድርድር ኤፕሪል 2016 ወደ ሹመቱ ሲመለስ የራሱን ወታደሮች ይዞ ዋና ከተማው እንዲገባ በስምምነት ተፈቀደለት። ሦስት ወር አልሞላም፣ ሁለቱ ሰዎች ቤተ መንግሥት ውስጥ እያሉ ውጪ ጠባቂዎቻቸው ተታኮሱና ከተማው ታመሰ። አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ጦር ካለ ሚኒስትር የሚባል ነገር የለም።

ሂላሪ ክሊንተንን ደግሞ ተመልከት። በ2008 ለፓርቲያቸው እጩነት ከኦባማ ጋር ወራት ሙሉ ተናንቀዋል፣ ወደ 18 ሚሊዮን ድምፅ ያገኘች ሴት ናት፣ ግን ኦባማ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲያደርጋት የመጣችው በስሟ ነው፣ ኦባማ ነገ በቃሽ ቢላት ቦርሳዋን ይዛ ወጥታ ከማኮረፍ ውጪ ምንም ማድረግ አትችልም። አራት ዓመት በሰላም ሠሩ።

እድር ላይስ ጦር ከየት ይመጣል ትል ይሆናል። ጦር ማለት አንተን ሳይጠይቅ ብቻውን ሊያንቀሳቅሰው ሚችለው ነገር ነው፣ ማህተሙ፣ የባንክ ፊርማው፣ የአባላት ስልክ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ አድሚንነት። ከመሾምህ በፊት እነዚ በማን እጅ እንዳሉ እይ።

የትኛውን ወንበር ትሰጠዋለህ ሚለው ላይ ሰው ሁለት ተቃራኒ ስህተት ይሠራል። አንዱ ለስም ያህል ባዶ ወንበር መስጠት ነው፣ መኪናና ሾፌር አለ፣ በጀት የለም፣ ሰራተኛ የለም፣ ሚወስነው ነገር የለም፣ ይሄ እንጀራ አቅርቦ ወጥ መከልከል ነው። ሌላው ደግሞ ልቤን ይይልኝ ብሎ ካዝናውን ማስረከብ ነው። ሊንከን ቼዝን የገንዘብ ሚኒስትር አደረገው፣ ቼዝ ሥራውን ሚችል ጎበዝ ሰው ነበር፣ የጦርነቱን ወጪ የሸፈነው እሱ ነው፣ ግን ግምጃ ቤቱ በየከተማው ሰው መቅጠር ሚችል መሥሪያ ቤት ስለሆነ በ1864 ራሱ ፕሬዝዳንት ለመሆን መረብ ዘረጋበት። በ1862 የወጣው የመጀመሪያው የአንድ ዶላር ወረቀት ላይ የማን ፊት እንዳለ ታውቃለህ? የቼዝ! ሚኒስትርህ በየሰዉ ኪስ ውስጥ ፎቶውን እያስገባ አንተ ምርጫ ትጠብቃለህ።

ስለዚ ለተፎካካሪ ሚሆን ወንበር ማለት ሥራው ከባድ የሆነ፣ ውጤቱ በሰው ሚታይ፣ ግን ካዝናውም ጠመንጃውም የሌለበት ነው። የውጭ ጉዳይ ጥሩ ነው፣ ሲዋርድም ክሊንተንም እሱ ላይ ነው የተቀመጡት፣ ክብር አለው፣ ጉዞ አለው፣ ሀገር ውስጥ ሰው መቅጠሪያ ግን እምብዛም የለውም። ማንዴላ በ1994 ለተፎካካሪያቸው ለኢንካታ ፓርቲ መሪ ለቡቴሌዚ የሰጡት የሀገር ውስጥ ጉዳይን ነበር፣ እዛ ሀገር ይሄ መሥሪያ ቤት መታወቂያና ፓስፖርት ነው፣ ፖሊሱ ሌላ ሚኒስቴር ነው፣ ስሙን ብቻ ሰምተህ እንዳትደነግጥ። ሰውየው ከዛ በኋላ እነ ማንዴላ ውጭ ሲሄዱ ተጠባባቂ ፕሬዝዳንት ሆኖ እስከመቀመጥ ደርሷል፣ በሴፕቴምበር 1998 የደቡብ አፍሪካ ጦር ሌሶቶ ሲገባ ወንበሩ ላይ የነበረው እሱ ነው። በኢንካታና በማንዴላ ፓርቲ በኤኤንሲ መሀል ስንት ሰው እንዳለቀ ለሚያውቅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኛም ሀገር በቅርብ ያየነው አለ። መስከረም 2014 ዓ.ም. አዲሱ መንግሥት ሲመሠረት የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስቴርን፣ የአብኑ በለጠ ሞላ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂን፣ የኦነጉ ቀጄላ መርዳሳ ባህልና ስፖርትን ያዙ። ካልኩት ጋር ይገጥማል፣ ጠመንጃም ካዝናም የለበትም። ግን ከሦስቱ ትምህርት ከባዱ ነበር፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ እንዲወስድ ተደረገ፣ ውጤቱ ሲወጣ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። እዚም ቤት ስንቱ ወላጅ እንዳለቀሰ አይተናል። በዛ ፖሊሲ ትስማማም አትስማማም ለሿሚ ግን ትምህርት አለው፣ ከባድ ሥራ ለተፎካካሪህ ከሰጠኸው ሕዝብ ሲቆጣ አብረኸው ቁም፣ እሱ ነው እኮ ብለህ ጣትህን ከቀሰርክ ሌላ ተፎካካሪ ሁለተኛ ስልክህን አያነሳም።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ እኛ ሀገር ፕሬዝዳንቱ ካቢኔ አያቋቁምም፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቶቹም ከውጭም እጩ አቅርቦ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። አሜሪካ ላይ ሴኔት ነው፣ ክሊንተን 94 ለ2 አለፈች። ደቡብ አፍሪካ በጊዜው በነበረው ሽግግር ሕገ መንግሥት ጭራሽ ለሿሚው ፈቃድ አልተተወም ነበር፣ 20 መቀመጫና ከዛ በላይ ያገኘ ፓርቲ ካቢኔ ውስጥ ድርሻ አለው። ሕጉን ሳታይ ቃል እንዳትገባ፣ ቃል ሰጥተህ ሳይጸድቅልህ ከቀረ ጠላትነቱ እጥፍ ነው ሚሆነው።

ንግግሩ እንዴት ይሁን? በስልክ አይሆንም፣ በሚዲያማ ጭራሽ። መጀመሪያ ሰው ላክ፣ ሁለታችሁም ምታከብሩት ሽማግሌ፣ ያንተን ዘመድ ብቻ አትላክ፣ እሱ ቤት ሄዶ "ብትጠየቅ ምን ትላለህ" ብሎ ይሞክረው፣ እምቢ ካለ ማንም ሳይሰማ ይቀራል፣ የሁለታችሁም ፊት አይጠቁርም። እሺ ካለ ሁለታችሁ ብቻችሁን ተቀመጡና ሦስት ነገር ተነጋገሩ፣ ማንን ይዞ ይገባል፣ አንተ ጋ በቀጥታ ይደርሳል ወይስ በሰው በኩል፣ ካልተስማማችሁ የት ነው ሚከራከረው። ስብሰባ ውስጥ እንደልቡ ይቃወም፣ ከወጣ በኋላ ግን አንድ ቃል ነው። ክሊንተንም መጀመሪያ አቅማምታ ነበር፣ የባሏ ፋውንዴሽን ከውጭ ሀገር ሰዎች ገንዘብ ሚቀበል ስለነበር የለጋሾቹ ስም ይፋ እንዲሆን ቀድመው ተስማምተው ነው ሹመቱ በዲሴምበር 1 2008 የተነገረው። የከበደውን ነገር ከፊት አስቀደሙት ማለት ነው። ኬንያ ላይ ከ1,000 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ በፌብሩዋሪ 2008 ኮፊ አናን ሸምግለው ፕሬዝዳንቱ ኪባኪና ተፎካካሪው ኦዲንጋ ሲፈራረሙ ስምምነቱን ሕግ አድርገው በፓርላማ አጸደቁት፣ ጥሩ አደረጉ፣ ግን የሁሉንም ሰው ሆድ ለመሙላት ካቢኔው ወደ 40 ሚኒስትር አበጠ። ያንን አትቅዳ።

ንግግሩ ላይ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ከአፉ ስማ፣ አንተ አትገምትለት። ራስ መንገሻ ዮሐንስ ያባታቸውን የአፄ ዮሐንስን ዙፋን ፈልገው ሲያበቁ በ1894 አዲስ አበባ መጥተው ሕዝብ ፊት ድንጋይ ተሸክመው ለምኒልክ ገቡ፣ ዓድዋም ላይ አብረው ተዋጉ፣ ግን የትግራይ ንጉሥ መባል ይፈልጉ ነበር፣ እሱን አላገኙም፣ ጥቂት ዓመት ቆይተው ሸፈቱ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግን ሌላ ነው፣ በ1882 እምባቦ ላይ ቆስለው በምኒልክ ተማረኩ፣ ምኒልክ ቁስላቸውን አስታመሙ፣ ንግሥናቸውንም ይዘው ቀጠሉ፣ በ1896 ዓድዋ ላይ የጎጃም ጦር ከምኒልክ ጋር ነበር። ክብሩ ካልተነካ ሰው አስራ ምናምን ዓመት ቆይቶም ይመጣል።

ክብር ካልኩ አይቀር የኛን ሰው ላንሳ። ራስ አሊ የቋራውን ካሣን ለመያዝ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት፣ ቋራንም ሰጡት፣ ነገር ግን እናታቸው እቴጌ መነን ካሣን ይንቁት እንደነበር እዚ አገር ህፃኑም ያወራዋል። በል እንግዲህ አስብ፣ ገዛ አገሩን ከነጦሩ ትሰጠዋለህ፣ ደግሞ ትሰድበዋለህ፣ ከዚ የባሰ ሹመት የት አለ? በ1847 ጎንደርን ያዘ፣ መነንንም ማረከ፣ በ1853 አይሻል ላይ የአሊን ነገር ጨረሰው፣ በ1855 ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ተዋበችም ከባሏ ጋር ነበረች።

ከተፎካካሪህ ይልቅ ሚያስቸግርህ ግን የራስህ ሰው ነው። ፖስተር ሲለጥፍ የከረመው፣ ነዳጅ ከኪሱ የሞላው፣ ያቺን ወንበር ለኔ ናት ብሎ ሱፍ ያሰፋው። ይሄ ሰው ዜናውን ከቴሌቪዥን ከሰማ ጉድህ ፈላ። አንድ በአንድ ጠርተህ ቀድመህ ንገር፣ ለምን እንደሆነም ንገር፣ ምክንያቱም ለምን ሚለውን ከላይ ጨርሰሃል። ለሁሉም ትሾማለህ ብለህ ግን አትዋሽ። እና የድሮ ስድብ እያመጣ ሚያስታውስህ ይኖራል፣ ስታንተን ሚባለው ጠበቃ በ1855 አንድ ክስ ላይ ሊንከንን ከጉዳይ ሳይቆጥር አዋርዶት ነበር፣ በጃንዋሪ 1862 የጦር ሚኒስትር አደረገው፣ ሥራውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ጦርነቱ እስኪያልቅ አደረሰው።

ከተሾመ በኋላ ይሞክርሃል፣ ሳይሞክር ሚቀር የለም። ሲዋርድ ሥራ በጀመሩ በወሩ ኤፕሪል 1 1861 ለሊንከን ማስታወሻ ጻፈለት፣ መንግሥቱ አቅጣጫ የለውም፣ አንድ ሰው መምራት አለበት፣ እኔም ኃላፊነት አልሸሽም ሚል ነገር፣ በሌላ አነጋገር ወንበሩን ልያዝልህ እያለው ነው። ሊንከን ለጋዜጣ አልሰጠበትም፣ ሌሎቹ ሚኒስትሮች ፊትም አላዋረደውም፣ መደረግ ያለበት ነገር ካለ ማደርገው እኔ ነኝ አለው፣ አበቃ። ሲዋርድ ከዛ በኋላ ዋና ወዳጁ ሆነ። ዲሴምበር 1862 ደግሞ ቼዝ ሴኔተሮች ጋ እየሄደ ሲዋርድ ነው ሁሉን ሚያበላሸው፣ ካቢኔው አይመከርም እያለ አወራ፣ ሴኔተሮቹ ሲዋርድ ይነሳ ብለው መጡ። ሊንከን ምን አደረገ፣ ሴኔተሮቹንና ካቢኔውን (ከሲዋርድ በቀር) አንድ ክፍል አስገብቶ አፍ ለአፍ አገናኛቸው፣ ቼዝ እዛ ሁሉ ሰው ፊት ካቢኔው ይመከራል ከማለት ውጪ መውጫ አጣ፣ በማግስቱ አፍሮ መልቀቂያ ይዞ መጣ፣ ሊንከን ወረቀቱን ከእጁ ላፍ አደረገ፣ ከዛ የሲዋርድንም የቼዝንም መልቀቂያ ይዞ ሁለታችሁም ወደ ሥራችሁ ተመለሱ አላቸው። ሐሜት ሲመጣብህ ሚያሙህን ለየብቻ አታነጋግር፣ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጣቸው።

መሸኛውን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አዘጋጅ። ቼዝ እለቃለሁ እያለ ማስፈራራት ልማዱ ነበር፣ በጁን 1864 ሊንከን እሺ አለው፣ ሰውየው ደነገጠ፣ በዲሴምበር ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት አድርጎ ሾመው፣ ከካቢኔው ወጣ፣ ክብሩ ግን ጨመረ። ካሜሮንን ሲያነሳው ሩሲያ መልዕክተኛ አድርጎ ላከው። ማቻርን ያስታወስክ እንደሆነ ባዶ እጁን የተባረረ ሰው ምን እንደሚያመጣ አይተሃል። ራሱ ልሂድ ካለ ደግሞ አትያዘው፣ የደቡብ አፍሪካው ናሽናል ፓርቲ፣ ያ የድሮው የነጮቹ ገዢ ፓርቲ፣ በ1996 በቃን ብሎ ከማንዴላ ካቢኔ ወጣ፣ ማንዴላም ሸኟቸው፣ ሰማይ አልተደፋም።

ለእድርና ለማኅበር ሰዎች የመጨረሻዋ ነገር፣ ተፎካካሪህን ምክትል ወይ ጸሐፊ ስታደርግ ጉባኤው ባለበት ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የሥራው ዝርዝር በወረቀት ይሰጠው፣ ገንዘብ ማውጫው ላይ ሦስት ፈራሚ አድርጉና ሁለት ፊርማ ሳይሟላ እንዳይወጣ ለባንኩ ደብዳቤ ጻፉ። ያንተም ፊርማ ብቻውን ማውጣት የለበትም። እና የድሮው አመራር ፊርማ መሰረዙን እዛው ባንክ ቤት ቆማችሁ አረጋግጡ፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳል።